የሚሸጠውን የሚተፋ ሰው

ጥሩነህ የእህቴ ባል ነው። ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ይኖራል፤ ከሳን ሆዜ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ነው ፀጉሩ የሸበተው። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር" የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይናገረዋል፤ እሱ ግን ይኖርበታል። ክዳኑ የተከፈተ ውሃ አይጠጣም። መካኒኩ መኪናውን ሲሠራ አጠገቡ ተገትሮ ይውላል። እኔ እንኳ ዘመዱ ስደውልለት ሰላምታዬን ሳይመልስ "ምን ፈልገህ ነው?" ይለኛል። አንዳንዴ ስልኩን ጆሮው ላይ መዝጋት ያምረኛል።

እንዲህ ያለው ሰው ዘንድ ነው ልጁ ቤተልሔም ናዖድን ላገባ ነው ብላ የመጣችው። ናዖድ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። ሥራው ከደቡብ ጣልያን የሚመጣ ወይን ከካምቤል እስከ ማውንቴን ቪው ላሉ ሬስቶራንቶች እያዞረ ማስቀመስና መሸጥ ነው። ያውም ስሙ የገነነውን አይደለም፤ የየቦታውን የራሱን የወይን ዘር እንጂ። ከካላብሪያ ጋሊዮፖ፣ ከፑሊያ ኔግሮአማሮ፣ ከባዚሊካታ ደግሞ አልያኒኮ።

"ሰው የማያውቀውን ወይን ለምን ይሸጣል?" አለኝ ጥሩነህ። "የሚታወቀው ምን ሆነ? አንድ የሚደብቀው ነገር አለ።"

አንድ ቀን ተሳፋሪ ካምቤል አድርሶ ሲመለስ ናዖድን በሬስቶራንት መስኮት አየው። መኪናውን አቁሞ መሰለል ጀመረ። ልጁ ከጠርሙሱ ቀዳ፣ አሸተተ፣ ተጎነጨ፣ አፉ ውስጥ አመላለሰውና ባልዲ ውስጥ ተፋው። ሌላ ቀዳ፤ እሱንም ተፋው። ጥሩነህ እዚያው ቆሞ ደወለልኝ።

"የሚሸጠውን ራሱ አይውጠውም! ልጄን ለዚህ? በጭራሽ!"

ቤተልሔም ደግሞ አባቷ ካልመረቃት እንደማታገባ እያለቀሰች ነገረችኝ። አንጀቴን በላችው። እህቴን ለመንኩና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ናዖድ ምሳ ተጠራ።

ልጁ አልያኒኮ ይዞ መጣ። ፊታችን ከፍቶ የጥሩነህ ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ጠብ አደረገና ቆሞ ጠበቀ። ሬስቶራንት እንደለመደው፣ ተጋባዡ ቀምሶ እሺ እስኪል መሆኑ ነው። ጥሩነህ ብርጭቆውን ገፋው።

"እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚቀምሰው ቀጂው ነው፤ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ። መርዝ እንደሌለው የሚታወቀው በዚያ ነው። ቅመስ!"

ናዖድ ደነገጠ። መዳፉ ላይ አንጠባጥቦ ወደ አፉ ወሰደው። ከዚያ በዓይኑ ወዲያ ወዲህ ፈለገ፤ ባዶ ኩባያ አነሳና ተፋው። እህቴ ፊቷን ሸፈነች።

"አላልኩህም?" አለኝ ጥሩነህ፤ ወደ ልጁም ዞሮ፣ "ለምንድነው የማትውጠው?"

"ሶሪ ጋሼ። በቀን ስንት ወይን ቴስት አደርጋለሁ፤ ከዋጥኩማ እንዴት ድራይቭ አደርጋለሁ? አሁን ደግሞ ቤቲን ሳን ሆዜ ቤቷ ማድረስ አለብኝ።"

"አንድ ጉንጭ ምን ያደርግሃል?"

"እሷ መኪናዬ ውስጥ ካለች አንድ ጉንጭም ኖ።"

"ካልዋጥክ ልጄን አታገኝም።"

"ዳድ፣ ስቶፕ!" አለች ቤተልሔም።

"እንግዲያው አልውጥም ጋሼ" አለ ናዖድ።

በቃ አበቃ አልኩ። በጥሩነህ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። እሱ ግን ለልጁ እጁን ዘረጋለት።

"የመኪናህን ቁልፍ አምጣ" አለው።

ተቀብሎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጠርሙሱን ከልጁ እጅ ወሰደ። የራሱ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰና ዋጠ። አልያኒኮ ምላስ የሚያደርቅ ወይን ነው፤ ፊቱ ጭምድድ አለ። ከዚያ ለናዖድ ብርጭቆውን ሞላለት።

"ቀጂው እኔ ነኝ፤ ቀምሼልሃለሁ" አለው። "ጠጣ ልጄ፤ ዛሬ የምታድረው እዚሁ ቤትህ ነው።"