በክት የተባለው ዝኩኒያችን

ይህ ነገር የደረሰብን በዘንድሮው ሁዳዴ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ ለዕረፍት ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት ሄጄ ነበር። አሁን ፋሲካም አልፏል፣ የሰፈሩ ሰውም ረስቶታል። እኔ ግን ባስታወስሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ቡሬ ገጠር በመስኖ የሚያለማ አጎት አለኝ፤ የእናቴ ወንድም ነው። ዘንድሮ እሱም የአካባቢው ሰውም ዝኩኒ ተክሎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደረሰና ገበያው ሞላ። የሚገዛው ሲያጣ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅጥቆ ለእኛ አመጣው። «ከብት ከሚበላው እናንተ ብሉት» ብሎ በረንዳው ላይ ዘርግፎልን ተመለሰ።

እናቴ ክምሩን ዞር ዞር ብላ አየችና «ይህን ሁሉ እኔና አንቺ እንዴት እንጨርሰዋለን?» አለች። ለጎረቤት አከፋፈለች። አጥር ለሚጋሩን ለእትዬ ዘውዴ እኔው ራሴ በሰፌድ ሞልቼ ወሰድሁላቸው። ተቀብለው መርቀውኛል። ይህ ይያዝልኝ።

የቀረው ከመበስበሱ በፊት ላድርቀው ብዬ አሰብሁ። ዶርም አብራኝ የምትኖር ልጅ፣ እናቷ ዱባና ዝኩኒ አድርቀው ለክረምት እንደሚያስቀምጡ አጫውታኝ ነበር። እናቴን ላግዝ ፈልጌ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

«ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ ዝኩኒ ልትሰቅይ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ግን ቢላዋ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከእኔም ይልቅ አሳስታ ትቆርጥ ጀመር።

ልጣጩን ሳንልጥ በቁመቱ ዘለዘልነው። ጨው በገባበት የፈላ ውሃ ነከር አድርገን አወጣንና ሰፌድ ላይ አጠነፈፍነው። ከዚያ እናቴ «እንዲሁ ከደረቀ ምን ጣዕም ይኖረዋል?» ብላ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት አሸችው። እጇ የለመደው ቋንጣ ማሸት ነው፤ ሌላ የሚደርቅ ነገር ሠርታ አታውቅም። በበረንዳው ቋሚና በአጥሩ መካከል ገመድ ወጥረን ሰቀልነው። ማታ ጤዛ እንዳይነካው እያስገባሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ እያወጣሁ አደረቅሁት። እየጠቆረ፣ እየተጠቀለለ ሄደ። ሲታጠፍ ቀጭ ማለት ሲጀምር ደረሰ።

ጥቂቱን ለብ ባለ ውሃ ነክረን በሽንኩርትና በዘይት ወጥ ሠራነው። እናቴ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰችና «ይህ ለሰንበቴው ይሆናል» አለች።

በመጪው እሁድ የሰንበቴው ተራ የእሷ ነበር። አባቴ ካረፈ ጀምሮ ድግሱን ብቻዋን ነው የምታወጣው፤ አንድም ጊዜ ተራዋን አሳልፋ አታውቅም። ለእሷ ሰንበቴ ማለት ባሏ ቢሞትም ቤቷ እንዳልፈረሰ የምታሳይበት ቀን ነው። ጠላውን ከጠነሰሰች ቆይታለች።

በዚያው ሰሞን ከእኛ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ሰዎች ላማቸው ታማ ሞተችባቸውና ጎትተው ገደል ጣሏት። እኛ ስለ ላሟ ሰምተን አዝነን አለፍን እንጂ ከእኛ ጋር የሚያገናኛት ነገር አለ ብለን አላሰብንም።

መጀመሪያ የገረመኝ ቦኖው ላይ ነው። ጀሪካኔን ይዤ ስደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ሰላም ስላቸው መሬት መሬት እያዩ መለሱልኝ። ለድግሱ እንጀራ ሊጋግሩልን ቃል የገቡ ሁለት ሴቶችም አንዷ አመመኝ፣ ሌላዋ እንግዳ መጣብኝ ብለው ቀሩ። እናቴ «ምን ይደረግ፣ ጾሙ አድክሟቸው ነው» አለች።

ዓርብ ከሰዓት የንስሐ አባታችን መጡ። እናቴ መስቀል ተሳልማ «ይግቡ እንጂ አባቴ» አለቻቸው።

«እዚሁ ይበቃኛል ልጄ።»

ሌላ ጊዜ ሳይቀመጡ የማይሄዱ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ገመዱ ላይ ነበር።

«የእሁዱን ተራ ለሌላ ሰው ሰጥተነዋል» አሉ። «አንቺ ትንሽ ዕረፊ። ቀኖና ተቀብለሽ ኋላ ትመለሻለሽ።»

«ምን አጠፋሁ አባቴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጾሙ የሁላችን ነው። ላሟም የሰው ላም ነበረች።»

እናቴ ገባት። እኔ ግን ዘግይቶ ነው የገባኝ። ገደል የተጣለችውን ላም ሥጋ፣ በክት፣ ያውም በሁዳዴ፣ ዘልዝላ ሰቀለች ተብላ ነው። በነጠላዋ አፏን ይዛ ቀረች። አላለቀሰችም።

በሕይወቴ ለትልቅ ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀን ግን ገመዱን በጥሼ አወረድሁት። ከምድጃው ላይ ሙቅ ውሃ በሳህን አመጣሁና አንድ እፍኝ ነከርሁበት። «አባ፣ ይጠብቁና ይዩት» አልኋቸው። በርበሬው ሲታጠብ አረንጓዴው ልጣጭ ወጣ፤ ፍሬዎቹም ታዩ።

ጎንበስ ብለው አዩት። «ዝኩኒ ነው እንዴ?» አሉ። አንዱን አንስተው አሽትተው ቀመሱት።

እናቴ «ማን ነው የነገረዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። መናገር አላስፈለጋቸውም፤ እትዬ ዘውዴ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው እያዳመጡ ነበር።

«እኔ በክት አላልሁም» አሉ ሳይጠየቁ። «ቀይ ነገር ተሰቅሎ አየሁ ነው ያልሁት።»

«እትዬ፣ ይህንኑ ዝኩኒ እኔ አይደለሁ ያመጣሁልዎት?»

«የኔንማ በወጥ በላሁት። እንደ ሰው አትሠሩትም? እንደ ሥጋ ዘልዝሎ ገመድ ላይ የሚያንጠለጥል ማን አለ ልጄ? ጥፋቱስ የናንተው ነው» ብለው ሳቁ። አባም ፈገግ አሉ።

ያቺ ፈገግታ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋችም። እናቴ የፈረደባት ሰው ፊት ቆማ ሳለች፣ ነገሩ ለእነሱ ጨዋታ ሆነ።

«እንግዲያው ተራዋን ይመልሱላት» አልኋቸው።

«አሁንማ ለሌላው ተነግሮታል፤ ሰው አይቀየም» አሉኝ።

«ለሰንበቴው ሰው ግን ውሸት መሆኑን ይነግሩልናል?»

«ወሬ ሲነካኩት ይብሳል። ተዪው፤ በራሱ ይጠፋል።»

እሁድ እናቴ ነጭ ለብሳ ሄደች። የሌላ ሰው ጠላ ጠጥታ፣ የሌላ ሰው ዳቦ በልታ ተመለሰች። ማንም ቆሞ ይቅርታ አላላትም። የእሷ ጠላ ጋኑ ውስጥ ኮመጠጠ።

ሳምንት ሳይሞላ ዝኩኒ መሆኑ በሰፈሩ ተሰማና ሴቶች ዝኩኒ አደራረቁን ለመጠየቅ ይመጡ ጀመር። እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ምን ያህል እንደሚነከር፣ በምን እንደሚቀመጥ ጠየቁ። በእነዚያ ቀናት እንዴት ሰነበትሽ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም። እትዬ ዘውዴም «ለቅምሻ» ብለው መጡ። እናቴ «ስጪያቸው» አለችኝ። ሰጠሁ። እሷ ስላዘዘችኝ እንጂ ከልቤ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ከግቢ ደወልሁላት። አጎቴ ደግሞ ዝኩኒ ልኮላት ነበር። «እቃ ቤቱ ውስጥ ሰቀልሁት፣ ሻገተና ደፋሁት» አለችኝ።

«ለምን ፀሐይ ላይ አላወጣሽውም እማ?»

«ደግሞ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ነዋ።»

ከዚያ «ለእትዬ ዘውዴ ያካፈልኋቸው ግን አጥሩ ላይ አስጥተውት ጥሩ ደርቆላቸዋል» አለች። በድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። የሷን ቅሬታ ሁሉ የተሸከምሁት እኔ ነኝ።