ጀርባው ላይ ቆረቆንዳ የተሰፋበት ሸሚዝ

ማታ ማታ አፍና አፍንጫዬ ላይ የማስረው ጭምብል ጠባዩ ክፉ ነው። ማሰሪያውን ጠበቅ ካደረግኩት የአፍንጫዬን አጥንት ይልጠዋል። ላላ ካደረግኩት ደግሞ አየሩ በጉንጬ በኩል ሾልኮ ዓይኔን ያደርቀዋል፣ እያፏጨም እንቅልፍ ይነሳኛል። ሐኪሙ «ትለምጂዋለሽ» ብሎኛል። እሱ አስሮት አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስተኛ ጉሮሮዬ ይዘጋና ትንፋሼ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ስቤ እባንናለሁ። ከጭምብሉ ጋር በቱቦ የተያያዘው ማሽን አየር እየነፋ ጉሮሮዬን ክፍት ያደርግልኛል፣ ጭምብሉ ካላፈሰሰ።

ይህን በሽታ ግን ሐኪም ሳይነግረኝ በፊት አውቀዋለሁ። በደርግ ዘመን፣ መቱ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ከግድግዳው ወዲያ ስሰማው ነው ያደግኩት። አባቴ ያንኮራፋ ነበር ብል አይገልጸውም። የመቱ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያነጋግርም፤ የአባቴን ማንኮራፋት ግን እሱም አይሸፍነውም። እኛ ልጆቹ የምንፈራው ድምፁን አልነበረም፣ ዝምታውን ነበር። ድንገት ቀጥ ይላል። እናቴ በክርኗ ጎሰም ታደርገዋለች፣ እሱ አየር ይስባል፣ እሷ «ተመስገን» ትላለች፣ እኛም እንተኛለን።

ጎረቤት ዱካክ ነው አለ። ጠበል ሄደ፣ ትራሱ ሥር ቢላዋ ተደረገ። ጎሬ ድረስ ሄዶ የታየው ሐኪም ደግሞ ድካም ነው ብሎ ቪታሚን ሰጠው። አባቴ ቪታሚኑን እየዋጠ በመንግሥት መጋዘን ቡና ሲመዝን ቆሞ ያንቀላፋል። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተኝቶ አብዮቱን ንቀሃል ተብሎ ሂስ ወርዶበታል። ያ ቀልድ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ከዚያ ባነሰም ሰው ታስሯል።

እናቴ የዱካኩን ነገር አላመነችም። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ አባቴ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ፣ እሷ አጠገቡ ሽንኩርት ስትልጥ፣ በጎኑ ሲሆን ጸጥ እንደሚል፣ በጀርባው ሲገለበጥ እንደሚታነቅ ልብ አለች። ዕለቱን የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ፍሬው የተፈለፈለበትን እንጨቱን፣ በጨርቅ ጠቅልላ የመኝታ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ሰፋችው። ወፍራሙ ጀርባውን ወግቶ አላስተኛ አለው። ቀጭኑ ላይ ደግሞ እንደ ፍራሽ ተጋደመበት። ጨርቅ ጨመረች፣ ጨርቅ ቀነሰች፣ ወደ ላይ አወጣችው፣ ወደ ታች አወረደችው። «እኔን ነው የምትሰፊው ወይስ ሸሚዙን?» እያለ ያሾፍባት ነበር። ሲቆይ ልኩን አገኘችው፣ ቤታችንም ጸጥ አለ። አባቴ ሚዛኑ ሥር ማንቀላፋቱን ተወ፤ ከሥራ ሲመለስ ከእኛ ጋር መጫወት ጀመረ።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት ገና ከመኝታው ሳይነሣ አስቸኳይ ስብሰባ ተባለ። ቀረ እንዳይባል ኮቱን በመኝታ ሸሚዙ ላይ ደርቦ ሮጠ። የቀበሌው በር ላይ የሚፈትሸው አብዮት ጠባቂ ጀርባውን ሲዳብስ እጁ ጠጣር ነገር ላይ አረፈ። ጠመንጃውን አቀባበለ። ሊቀ መንበሩ መጥቶ «ጓድ፣ ኮትህን አውልቅ!» አለው። ሕዝቡ ፊት አወለቀ። ሊቀ መንበሩ ስፌቱን በሰንጢ ቀደደና ቆረቆንዳውን ከፍ አድርጎ አሳየ።

ሕዝቡ ሳቀ። ዛሬ ሳስበው አልፈርድባቸውም፤ ሽጉጥ ይወጣል ብለው ነፍሳቸው ወጥታ ነበር፣ ሳቁም እፎይታ ነበር። ግን አባቴን ገደለው። በማግስቱ ከተማው ሁሉ «አባ ቆረቆንዳ» አለው። ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ በአፋን ኦሮሞ «አካም፣ አባ ቆረቆንዳ?» ብሎ ደኅንነቱን ይጠይቀዋል፤ በክፋት አልነበረም፣ ሰውየው ወዳጁ ነበር። አባቴ ሸሚዙን ለእናቴ ወርውሮ «ሁለተኛ እንዳላየው» አላት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለችው።

«አንቺ እዚያ አልነበርሽም» አላት።

ከዚያ በኋላ ቆረቆንዳው የእናቴ ክርን ሆነ። እሱ እንዲያርፍ እሷ እንቅልፍ አጣች፣ ዓይኗ ጎደጎደ። የቡናው ወራት ሲደርስ ግን የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች ለለቀማ ዘመቻ ወደ ዳሪሙ ላኳቸው፤ እዚያ የሚያድሩት ሁሉም አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። እናቴ ሸሚዙን እንደገና ሰፍታ፣ አጥፋ፣ ከልብሱ ሥር ከተተችው። ደብቃም አልከተተችው፣ ነገረችው። «እዚያ ማን ይጎስምሃል?» አለችው። አባቴ ሻንጣውን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ አልተመለሰም። ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ ደጃችን ሲቆሙ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እናቴ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣለች።

አርባው ካለፈ በኋላ አብሮት የዘመተ አንድ ባልደረባው መጥቶ እናቴ ፊት ተቀመጠ። አባቴ ሰው እንዳይረብሽ ብሎ ጥግ ይዞ፣ የቡና ጆንያ ተደግፎ፣ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያድረው። የመጨረሻዋ ሌሊት ደክሞት መሐላቸው በጀርባው ተጋደመ። «ማንኮራፋቱ ሲያቆምልን፣» አለ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ፣ «ተመስገን፣ ዛሬስ አስተኛን ተባባልን፣ እትዬ።» እናቴ አልተቆጣችውም። ውኃ ሰጠችው። ከዳሪሙ የተመለሰውን የአባቴን ሻንጣ የከፈተችው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው። ሸሚዙ እሷ ባጠፈችው እጥፋት እንዳለ ነበር።

አሁን በቅርቡ ለወንድሜ ልጅ ሠርግ መቱ ወረድኩ። ማሽኑን ይዤ መሄድ አልፈለግኩም ነበር። ሴት ልጅ ታንኮራፋለች መባሉ ሳያንስ፣ ፊቷ ላይ ቱቦ ተክላ የምትተኛ አክስት ማየት ለሠርግ ቤት ምን ይባላል? ይዤው ሄድኩ ግን። ምሳ በልተን እናቴ መኝታ ክፍል ጋደም አልኩ፤ ሳሎኑ እንግዳ ሞልቶታል። በሩን ዘጋሁ፣ ጭምብሉን አሰርኩ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ትራሱ ገፋውና ማፏጨት ጀመረ። ሳሎን እንዳይሰማ ማሰሪያውን ስስበው አፍንጫዬ ላይ ያለው ቁስል እሳት ሆነ።

በሩ ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት ላወልቀው ተነሣሁ። እናቴ ነበረች። ጭምብሉን አይታው አታውቅም። ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም።

«ተይው» አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ትንፋሼን ስታዳምጥ ቆየች። «በዚህ በኩል ያፈሳል» አለች።

እጄን ወደ ማሰሪያው ሰደድኩ። እጄን አነሣችው። ማሰሪያውን አልነካችም፤ ጭምብሉን ከፊቴ ትንሽ ሳብ አድርጋ፣ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ፉጨቱ ቆመ። ቁስሌም አላመመኝ። ለካስ መጥበቅ አልነበረበትም።

«ይኼ ያኔ ነበረ?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። በአገራችን አልነበረም።

«ቢኖርም ሰው ፊት አያደርገውም ነበር» አለች።

ጭምብሉ ውስጥ አለቀስኩ፤ እንባው በጠርዙ ገብቶ አየሩ እንደገና ማፍሰስ ጀመረ። እሷ ተነሥታ የዘጋሁትን በር ከፈተችው፣ እስከ ዳር፣ ሳሎን ያሉት እንግዶች ሁሉ እንዲያዩኝ። ከዚያ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔም ሳላወልቀው ተኛሁ።