ቤንዚን የጨረሱ ሽማግሌዎች

ያን እሁድ ከሰዓት መኪናዋ ግቢያችን የገባችው ያለ ምንም ድምፅ ነው... እኔ በጓዳው መስኮት አሾልቄ እያየሁ ነበር። ሞተሯ ጠፍቷል። ጭቃው ላይ እየተንሸራተተች መጥታ የእማዬ ጎመን መደብ አጠገብ ቆመች።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ አገሩ መቱ። ከመኪናዋ የወረዱት እኔን ለታደሰ ሊጠይቁ ከጎሬ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው።

ታደሰ ጎሬ አስተማሪ ነበር። ክረምት ሲገባ ወደ ሐረር ትዛወራለህ ተብሏል። እኔ ደግሞ ከልቤ ነው የምወደው... ግን አባባን አውቀዋለሁ። ታላቅ እህቴን የጠየቁትን ሽማግሌዎች «ዘመድ ላማክር» እያለ ዓመት ሙሉ አመላልሷቸዋል። የሴት ልጅ አባት ቶሎ እሺ ካለ ልጁን እንዳቀለላት ይቆጠራል ባይ ነው። እስኪ ታደሰ ሐረር ከገባ በኋላ ማን ነው ከዚያ ድረስ ሽማግሌ የሚልክ?

ባለመኪናው የታደሰ አጎት ጋሼ ደምሴ ናቸው። መኪናዋን ከአዲስ አበባ ካመጧት ገና መንፈቅ አልሞላቸውም፤ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ትንሽዬ የቤንዚን መኪና ናት። ሰው ባገኙ ቁጥር «ታሸታለች እንጂ አትጠጣም!» ይላሉ አሉ። የሸጠላቸው ሰውዬ በአንድ ሊትር ብቻ ከጎሬ መቱ ደርሳ ትመለሳለች ብሏቸዋል። ሰውዬው አስፋልት ላይ ብቻውን ሆኖ ነድቷት ይሆናላ! ጋሼ ደምሴ ግን ቄሱንና ኦቦ ጉተማን የሚያህሉ ሁለት ግዙፍ ሽማግሌዎች ጭነው፣ በዚያ የግንቦት ጭቃ፣ ያቺኑ ሊትር ቀድተው ተነሱ።

ኦቦ ጉተማ በኋላ እንዳጫወቱን፣ ቁልቁለቱን ሁሉ ሞተር አጥፍተው ነው የወረዱት። ዳገት በመጣ ቁጥር ደግሞ «ውረዱላት፣ ትንሽ ይቅለላት» እየተባሉ በእግራቸው ነው የተከተሏት።

ብቻ ደረሱ። እንደ ወጉ በረንዳው ላይ ቆሙ። ለልጅ የመጣ ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ ከዚያ ቤት ውሃም አይቀምስም። ኦቦ ጉተማ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ። አባባ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ነገሩ መልካም ነው... ዘመድ ላማክር። መስቀል ይለፍና ተመለሱ» አላቸው።

በቃ፣ አለቀልኝ። እዚያው መስኮቱ ሥር ቁጭ አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተሰናብተው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ጋሼ ደምሴ ቁልፉን አዞሩ... ክህ ክህ ክህ። ደግመው አዞሩ... ክህ። ቄሱ ወርደው ጥምጣማቸውን አጥብቀው ገፉ። ምንም የለም።

«ደክሟት ነው፤ ትንሽ ትረፍ» አሉ ጋሼ ደምሴ።

ኦቦ ጉተማ የቤንዚን ማስገቢያውን ከፍተው አፍንጫቸውን አስጠጉና «ደምሴ፣ ይቺ ማሽተቱንም ትታለች» አሉ።

ከተማው ውስጥ ቤንዚን የለም። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ከበደሌ ጭነት ከመጣ ሰንብቷል። ያለው አባባ ለቡና መፈልፈያው በበርሜል ያስቀመጠው ነው። አባባ ደግሞ ቸር ሰው ነው፤ «ምን ችግር አለ፣ አንድ ጀሪካን እሰጣችኋለሁ!» አለ።

«ላኪ!» አሉ ኦቦ ጉተማ፣ በኦሮምኛ እምቢ ማለታቸው ነው። «እሺታ ሳናገኝ ከዚህ ቤት ምንም አንቀምስም።»

«ቤንዚን እኮ ነው! ልትጠጡት ነው?»

«እኛ አንጠጣም። እሷ ግን ትጠጣለች፤ እሷም ከእኛ ጋር ለሽምግልና የመጣች ናት።»

«አትጠጣም እኮ...» አሉ ጋሼ ደምሴ፣ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ግዙኝ!» አለ አባባ። «በሰንበት ንግድ?» አሉ ቄሱ፣ ደንግጠው።

ይሄኔ ዝናቡ መጣ። ሦስቱም መኪናዋ ውስጥ ገብተው ተጣብቀው ተቀመጡ፤ መስተዋቱ በትንፋሻቸው ጉም ለበሰ። ከጎረቤት ለቅሶ የሚመለስ ሰው ሁሉ በአጥራችን በኩል አንገቱን እያሰገገ «ምነው እንግዶችህን ውጭ አሳደርካቸው?» ይላል። ገና አልመሸም እኮ! አባባ ይገባል፣ ይወጣል፣ መልሶ ይገባል። በጭቃ በእግራቸው እስከ ጎሬ እንዳይሸኛቸው የከተማው ወሬ ያስፈራዋል። እንዳያሳድራቸው ሊጋበዙለት አይደለም።

በመጨረሻ እማዬ ብስጭት አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ዘመድ አይደል የፈለግከው? ወንድምህ እዚሁ አጥር ላጥር ነው፣ ጥራውና አማክር! እኔም ዘመድ ነኝ፤ እኔን ካማከርከኝ ስጥ ብዬሃለሁ!»

አጎቴ በአጥሩ ቀዳዳ ተጠራ። በአጥሩ ቀዳዳ ተማከረ። አባባ ጃንጥላ ይዞ ዝናቡ ውስጥ ገባና የመኪናዋን መስተዋት አንኳኳ።

«ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ፣ በሉ ግቡ!»

ኦቦ ጉተማ መስተዋቱን ጥቂት ዝቅ አደረጉና «ዘመድስ?» አሉ።

«አማክሬያለሁ አልኳችሁ!»

እኔ ጓዳ ውስጥ የዘለልኩት ዝላይ... እማዬ «ኧረ ቀስ፣ ይሰሙሻል!» እያለች ቀሚሴን ስትጎትት፣ እሷም እየሳቀች ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ሰርጌ ላይ እንኳ አላገኘሁትም።

ሽማግሌዎቹ በልተው ጠጥተው ሲነሡ አባባ ራሱ ጀሪካን ተሸክሞ ወጣ፤ ቤንዚኑ ተርፎ እስኪፈስ ድረስ ሞላላቸው። ጋሼ ደምሴ «ኧረ በዛ! ለእሷ ሊትር ይበቃታል!» ብለው ሊከለክሉት ሞከሩ።

«ዝም ይበሉ ጋሼ ደምሴ» አለ አባባ። «ለእሷ ብዬ አይደለም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማችሁ ተመልሳችሁ እንዳትመጡብኝ ነው።»

ይኸው ከታደሰ ጋር አብረን አረጀን... ሲያናድደኝ «አባቴ ወዶህ የሰጠኝ እንዳይመስልህ፣ ግቢውን ለማስለቀቅ ነው» እለዋለሁ።