ራሱ ብር የሆነው አምፖል

የጋለ አቧራ ይሸታል፤ ትንሽ ሰም፣ ትንሽ የተለበለበ ወረቀት የተቀላቀለበት። ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ አንድ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር ከደሴ በሚኒባስ ጭኖ መጣና ሳሎኔ መሐል ሰካው። ሊገዛው አስቦ ባለቤቱን ለሁለት ቀን አውሰኝ ብሎ ለምኖ ነው። "አክስቴ፣ እንዲህ ያለውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እውነተኛ ባለ አምፖል ነው ወይስ ተሸወድኩ?" አለኝ። ሽታው አፍንጫዬ እንደገባ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቼ ተነሣሁና አንድ ጎኑን አነሣሁት፤ ድንጋይ ነው፣ ከበደኝ። አዙሬ ከጀርባው አየሁ። የአምፖሎቹ ብርጭቆ ውስጥ ብርቱካን የመሰለች ፍም በርታለች፤ ድምፅ ግን የለም። ከፊት ያለችው የትንሿ አምፖል ራስ ነጭ ነው። "እውነተኛ ነው፤ ይችኛዋ ግን ሞታለች" አልኩት። "ምትክ ይገኝ ይሆን አክስቴ?" አለ። የመለስኩለትን እነግራችኋለሁ፣ መጀመሪያ ግን ይህን ማን እንዳስተማረኝ ልንገራችሁ።

ያስተማረኝ የኪነት ቡድናችን ጊታሪስት ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፣ እኔ ገና ሃያ ያልሞላኝ የቡድኑ ዘፋኝ። እሱ በሐይቅ ከተማ ራዲዮ እየጠገነ፣ በርበሬ ነጋዴ እናቱንና ታናሽ ወንድሙን የሚረዳ ዝግ ያለ ሰው ነበር። አንድ ብሎን ለመፍታት የሚፈጅበት ጊዜ ያናድደኝ ነበር። እኔ ደግሞ ችኩል፣ አፈኛ፣ ምስጋና ስወድ ለጉድ!

ቀበሌው አምፕሊፋየር እንድንገዛ ሲፈቅድ፣ አምባሰል ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ አሮጌ አላቸው ተባለና ሁለታችን ሄድን። እስከ ውጫሌ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር። ሽማግሌው ዕቃውን መደብ ሥር አስቀምጠውት፣ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ተኝታበታለች። መንደሩ ኤሌክትሪክ የሚባል አያውቅም። "ልጆቼ፣ እኔ መብራት የለኝም። ዓይናችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ እዩት" አሉን።

ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ እንኳ ተነቅሎ ወድቋል። "ሳንሰማው ልንገዛ ነው? ይኸ እኮ ላም አለኝ በሰማይ ነው!" አልኩ። ጊታሪስቱ በደረቱ ተኝቶ በባትሪ ከጀርባው ያየዋል፤ ሽቦው በእጅ የተበየደ መሆኑን፣ የድምፅ ማጉያው ወረቀት አለመቀደዱን፣ ከባዱ ትራንስፎርመር አለመንቀሳቀሱን። ሲጨርስ ጠራኝና አጠገቡ አስተኛኝ። ብርጭቆዎቹን፣ በደንቡ ቫልቭ የሚባሉትን እኛ አምፖል የምንላቸውን፣ አንድ በአንድ አሳየኝ።

"ራሱን እይ። ከውስጥ ብር የተቀባ ከመሰለ ነፍስ አለው። ወተት ከመሰለ አየር ገብቶበታል፣ ሞቷል።"

አንዷ ነጭ ነበረች። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "ይህ ልጅ ዕቃ ያውቃል፤ ላላዋቂስ አልሸጠውም ነበር" ብለው ከሣጥን ሁለት ትርፍ አምፖል በጥጥ ጠቅልለው መረቁልን። አንዱን በሞተው ቦታ ተካው። የሞተውንም አልጣለውም፤ ወደፊት ሱቅ ለሱቅ ስንፈልግ ለናሙና ይሆናል ብሎ የጊታሩ ቦርሳ ውስጥ ከተተው። ሁለተኛውን ትርፍ ለእኔ ሰጠኝ። "የናንተ ቤት አያፈስም፣ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ" አለኝ። በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። መታመኔ አኩርቶኝ ነበር።

የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ መጀመሪያ የሰካነው ዕለት ዝም አለ። "ተበላን!" ብዬ ጮህኩ። እሱ ጣቱን አነሣ። "እስኪሞቅ ነው። አብሽሪ።" ያ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ከሩቅ እንደሚሰማ የንብ ቀፎ እም ማለት ጀመረ፣ ከዚያ ጊታሩ ወፈር ብሎ ወጣ። ማይክራፎኔንም በእሱ ሰክተን በአምባሰል ቅኝት ስዘፍን፣ ውጭ የሚያልፉ ሽማግሌዎች አጥር ተደግፈው ቆሙ። ድምፄ ሐይቁን ተሻግሮ እስጢፋኖስ ድረስ ይሰማል እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። "መነኮሳቱን ከገዳም ልታስወጪ ነው" ይለኛል እሱ። የምወደው ይመስለኛል። አልነገርኩትም።

ጦርነቱ በሰሜን እየበረታ ሄደ። ከየቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት አምጡ ይባል ጀመር፤ ወጣቱም ካሚዮን ባየ ቁጥር ይሸሻል። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር አዳራሽ መጣና "ዛሬ ለወጣቱ የኪነት ዝግጅት አለ፣ ዕቃውን ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ አውጡት" አለን። አወጣነው። ጊታሪስቱ ከጀርባው ጎንበስ ብሎ ሲነካካ ቆየና ሰካው። ጠበቅን። ከወትሮው በላይ ጠበቅን። ምንም።

"ተቃጥሏል ጓድ ሊቀመንበር። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይሆንም" አለ። ወደ እኔ አንዴ ተመለከተ። ሊቀመንበሩ አጠገባችን ስለነበረ ምንም አላለኝም። "ውሃ ጠጥቼ ልምጣ" አለና ኮቱን ወንበር ላይ ጥሎ ሄደ።

ሊቀመንበሩ ተቆጣ። "ያለ ዘፈን ማን ይመጣል?" ይላል። እኔም ጎንበስ ብዬ ከጀርባው አየሁ። ከፊት ያለችው ትንሿ አምፖል ራሷ ወተት ይመስላል። እሱ ያላየውን እኔ አየሁ! ሳቄ መጣ። "አዲስ አበባ ድረስ አያስኬድም ጓድ!" ብዬ ቤቴ ሮጥኩ፣ ቆርቆሮዬን ይዤ ተመለስኩ፣ የሞተውን ነቅዬ ትርፉን ተከልኩ። እስኪሞቅ ጠበቅሁ። ሽታው መጣ፣ እም ማለቱም መጣ። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ከወንዶቹ ትበልጫለሽ" አለኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ያን ዕለት ግን ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አልመሰለኝም።

ዘፈንኩ። ከገበያው ወጣቱ ጎረፈ። ሜዳው ሞላ። እሱንም አየሁት፣ ከእናቱ ቤት በኩል እየሮጠ መጣ። ሁለት እጁን አንሥቶ ያወናጭፋል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከራሴ ድምፅ በላይ ምንም አይሰማኝም። መሥራቱ አስደስቶት መስሎኝ ፈገግ አልኩለት። ድምፄንም ጨመርኩ።

ወታደሮቹ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ወጡ። ሜዳውን ከበቡት። እኔን ማንም አልነካኝም። ወንዶቹን እየገፉ ካሚዮን ላይ ጫኗቸው፣ እሱንም በሸሚዙ። ካሚዮኖቹ ከሄዱ በኋላ አምፕሊፋየሩን ያጠፋው ስላልነበረ እም ማለቱን አልተወም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፍኜ አላውቅም።

ኮቱን ለእናቱ ወሰድኩላቸው። በሁለተኛው ወር እሳቸው ቤቴ መጡ፤ አላህን አመስግነው ተቀመጡና ከመሐረብ ውስጥ አንድ ነገር ፈቱ።

"ይኸ የናንተ ዕቃ መሰለኝ ልጄ። ኸኮቱ ኪስ አገኘሁት። ያን ለት ጠዋት ራዲዮ ሊያሠራ የመጣ ሾፌር ከትምርት ቤቱ ጀርባ የወታደር ካሚዮን መቆሙን ሹክ ብሎት ኑሯል። ሮጦ መጥቶ 'ታናሼን ወደ አርዲቦ ገጠር ስደጂው' አለኝ። ሁለቱ ሊወጡ ሲሉ ድምጥሽ ተሰማ። 'አፈር ስሆን አትሂድ' አልሁት። 'ላስቁማት' ብሎኝ ሄደ። አንቺማ በምን ታውቂ፣ የኔ ልጅ።"

አምፖሉን ተቀበልኳቸው። ለመጠየቅ ሲፈሩ አየሁ፤ ያስጨነቃቸው ሌላ ነበር። "የመንግሥት ዕቃ ነው አሉ። ተበላሽቶ ነው ያወጣው? ሌባ እንዳይሉብኝ ነው።"

ወደ መስኮቱ ዞርኩና ራሱን አየሁት። ብር ነበር። ደህናውን አውጥቶ ኪሱ ከትቶ፣ በቦታው የናሙናውን ሙት ተክሎ ነበር። እንዳይዘፈን፣ ወጣቱ እንዳይመጣ። ከእሱ ሌላ ሙቱን ከሕያው የሚለይ በሐይቅ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፣ ያንን ሰው ያስተማረው ራሱ ነው።

እውነቱን ብነግራቸው ልጃቸው ሌባ ሳይሆን ያን ሁሉ ወጣት ሊያድን የሞከረ ሰው መሆኑን ያውቁ ነበር። ግን ሌላውን አምፖል ማን እንደተከለውም መናገር ነበረብኝ። "አዎ እማ፣ ተበላሽቶ ነው" አልኳቸው።

"አልሀምዱሊላህ" አሉ። እጄን ስመው ወጡ። ልጃቸው አልተመለሰም፣ ደብዳቤም አልመጣ፤ እሳቸውም እንደጠበቁት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ እንኳ አልነገርኳቸውም። ፈሪ ነኝ።

የወንድሜ ልጅ መልሴን እየጠበቀ ነበር። "አይገኝም ልጄ፣ ዘመኑ አልፎበታል" አልኩት። ስለዚያ አምፖል ስዋሽ ሁለተኛዬ ነው። ቅር ብሎት ዕቃውን ይዞ ወደ ደሴ ተመለሰ።

ሲሄድ በሩን ዘጋሁና ቆርቆሮዬን አወረድኩ። መሐረባቸውን ፈታሁ፣ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ራሱ አሁንም ብር ነው። ጠቅልዬ መለስኩት።