ሐመልማልና የውኃው ኩባንያ

ሐመልማል የመተማ ልጅ ናት። ክረምት ሲገባ ድንበር ተሻግራ ሱዳን ውስጥ መፋዛ አካባቢ ባሉ የሰሊጥ እርሻዎች ለአረም ሠራተኞች ምግብ ታበስላለች። ያየችውን ሳትናገር የማታድር፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ ሴት ናት።

አምና ለእርሻው ውኃ የሚያቀርበው ኩባንያ ቦቴ መጥቶ በርሜሎቹን ሞላ። ውኃው የአረም መድኃኒት መድኃኒት ይሸት ነበር። ከጠጡት ብዙዎቹን ወዲያው አስመለሳቸው። ሐመልማል ስልኳን አንሥታ ያሸተተችውንና ያየችውን በድምፅ ቀርጻ ለሠራተኞቹ በዋትሳፕ ላከች። ንዴቷ ስላልበረደ ግን መጨረሻው ላይ «እያወቁ ነው የመረዙን» የሚል ጨመረችበት። መልእክቱ ከእርሻ እርሻ ተዛመተ። ደንበኞች የሸሹበት ኩባንያም ስሜን አጠፋች ብሎ ገዳሪፍ ከተማ ፍርድ ቤት ከሰሳት።

ጠበቃዋ ሁዜይፋ፣ በሱዳኖቹ የጠበቃ አጠራር ኡስታዝ፣ መልእክቱን ደጋግሞ ሰማው። ኩባንያም እንደ ሰው ስም እንዳለው፣ ሐሰት ሲወራበት መክሰስ እንደሚችል ነገራት። እውነትነቱን ማስረዳት የምትችለው ነገር ግን አያስጠይቃትም። ከዚያ ጠየቃት፦

«መሽተቱንስ አሽትተሻል። እያወቁ ማድረጋቸውን በምን አወቅሽ?»

ሐመልማል ስልኩን ተቀብላ መጨረሻውን ደግማ ሰማችው።

የችሎቱ ዕለት አዳራሹ በሠራተኞች ጢም አለ። ተራዋ ሲደርስ ተነሣች።

«እያወቁ መረዙን ያልኩት በንዴት ነው፤ አላውቅም፤ ያንን ቃሌን አንሥቻለሁ» አለች። ከኋላዋ ጉርምርምታ ተሰማ። እሷ ግን አልጨረሰችም። «ውኃው መድኃኒት ይሸት ነበር። ይህንን አላነሣም።»

ሁዜይፋ ምስክር አለኝ ሲል ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። የገባው የቦቴው ሹፌር ጸጋብርሃን ነበር፤ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የሚኖር፣ ይመጣል ብሎ ማንም ያልጠበቀው ሰው። ውኃውን ባመጣበት ቀን ዋዜማ በዚያው ቦቴ የአረም መድኃኒት ማመላለሱን፣ አንዴ ማለቅለቁ ይበቃል ብሎ ውኃ መሙላቱን ተናገረ።

ዳኛው ስለ ውኃው የተባለው እውነት ስለሆነ ክሱን ውድቅ አደረጉ። ያነሣችውን ቃል ግን መልእክቱ ለደረሳቸው ሁሉ እንድታስተባብል አዘዙ። ሐመልማል እዚያው ደጁ ላይ ቆማ፣ በደስታ ድምፅዋን ቀርጻ በዚያው በዋትሳፕ አስተባበለች።

ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ጸጋብርሃን ብቻ ከግንቡ ሥር ቆሞ ነበር፤ ከእንግዲህ ያ ኩባንያ እንደማያሠራው ያውቃል። ሐመልማል እጁን ይዛ ወደ መፋዛ በሚሄደው ሎሪ ላይ አሳፈረችው። መንገዱን ሙሉ ሲዘፈን ዋለ። በሳምንቱ የእርሻው ባለቤት ትራክተር እንዲነዳ ቀጠረው።