ያላስገባኋቸው ሦስት ፒኖች

ይህን ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ነገሌ ውስጥ መንገድ ላይ አስቁመው «እጅህ ይባረክ» ለሚሉኝ ሰዎችማ እንዴት ብዬ? እጄ ምን እንዳደረገ፣ አፌ ደግሞ ከእጄ የባሰ ምን እንዳደረገ የማውቀው እኔ ነኝ። ዛሬ የምናገረው ደስ ብሎኝ ነው፤ ነገሩ በድል አልቋል። ግን በድል ያለቀ በደልም በደል ነው፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የጥርስ ሐኪም ነኝ። አባቴ ወታደር ነበር፤ ከጎንደር መጥቶ ነገሌ ጦር ሰፈር ቀረ፤ እኔም እዚያው አደግኩ። ተምሬ ስመለስ ትንሽ ክሊኒክ ከፈትኩ። አዴ ሀሊማ፣ «አዴ» እኛ ጋ እንደ «እማማ» ነው፣ ገበያው መሀል የጨርቅ ሱቅ አላቸው። በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም፣ በአማርኛም ይከራከራሉ፤ ከፊልቱ የመጣ ነጋዴ ሳይስቅ ከሱቃቸው አይወጣም። ስድሳን ሲያልፉ ግን ጥርሶቻቸው አለቁ። ካሠሩት ተነቃይ ጥርስም የታችኛው አልይዝ አላቸው። አንድ ቀን ሲከራከሩ ከአፋቸው ወጥቶ ጨርቁ ላይ ወደቀ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። እኔ ጋ መጥተው ግን አለቀሱ።

«ኢልማ ኪያ፣ ልጄ፣ ስናገር የማይወድቅ ጥርስ አለ?» አሉኝ።

አለ። መንጋጋው አጥንት ውስጥ እንደ ብሎን የሚገባው ኢምፕላንት ይባላል፤ ጥርሱ እሱ ላይ ይታሰራል። አንድም ጥርስ የሌለው ሰው ላይ ግን ቦታውን ማግኘት ከባድ ነው፤ ምልክት የሚሆን ጎረቤት ጥርስ የለም። ስለዚህ የመንጋጋው ምስል በሲቲ ስካን ይነሳል፤ ኢምፕላንቱ የት ቦታና ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ኮምፒውተር ላይ ይወሰናል፤ በዚያው ልክ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መሪ ይሠራል። መሪው ድዱ ላይ ይቀመጥና መሰርሰሪያው በቀዳዳው ያልፋል። ድድ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ፣ መሪው እንዳይንሸራተት በሦስት ቀጫጭን ፒኖች ከአጥንቱ ጋር ይታሰራል። ካልታሰረ የኮምፒውተሩ ትክክለኛነት ከንቱ ነው። ይህን አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቅ ነበር።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ሁለት ሐኪሞች ከሐዋሳ ሊያዩ መጡ። ስልካቸውን ደግነው ይቀርጹኛል። እኔም ቅልጥፍናዬን ላሳያቸው ቸኮልኩ። ረዳቴ ሲስተር ጥሩወርቅ ሦስቱን ፒኖች በሳህን ይዛ፣

«ዶክተር፣ አናስገባቸውም?» አለችኝ።

«በጣቴ ይዤዋለሁ፤ ይበቃል» አልኳት።

ይበቃል አልኩ! ሦስት ፒን ለማስገባት ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር? በግራ በኩል ስሰረስር መሪው ከጣቴ ሥር ሸርተት አለ። ተሰምቶኛል። ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። ስጨርስ እንግዶቹ አጨበጨቡልኝ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ አዴ ሀሊማን ራጅ አነሳኋቸው። የግራው ኢምፕላንት ከታሰበለት ቦታ ወርዶ ለታችኛው ከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ላይ ተቀምጧል። ያኔውኑ ማውጣት ነበረብኝ። ካወጣሁት ግን ስህተቴ ይታወቃል፤ ስለዚህ ተውኩት። አዎ፣ እያወቅኩ ተውኩት።

በማግስቱ አዴ ሀሊማ መጡ። ከንፈራቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ነበር።

«ሻዩ ሲያቃጥለኝ አልተሰማኝም» አሉኝ። «ማደንዘዣው እስካሁን አልለቀቀኝም እንዴ?»

እኔስ ምን ብዬ መለስኩ? «አዴ፣ ስሠራ ተንቀሳቅሰዋል እኮ» አልኩ።

አልተንቀሳቀሱም። ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር የተቀመጡት። እሳቸው ግን አመኑኝና እጄን ያዙ። «ልጄ፣ ሥራህን አበላሸሁብህ፤ ይቅር በለኝ» አሉ። እኔም «ምንም አይደል» አልኩ። የበደልኳቸውን ሴት እኔው ይቅር አልኩ! ከዚህ የከፋ ድፍረት ምን አለ?

ኢምፕላንቱን ያወጣሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ነርቩ ከተጎዳ ወዲያ። ሌሎቹንም ኢምፕላንቶች አጥንቱ ሳይይዛቸው ቀረ። አዴ ሀሊማ ምራቃቸው ሲወርድ ስለማይታወቃቸው አፋቸውን በሻሻቸው መሸፈን ጀመሩ። በድምፃቸው ገበያውን ይሞሉ የነበሩት ሴት ዋጋ በጣት ማሳየት ያዙ። ጥሩወርቅም ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔን አታይም ነበር።

ሦስት ዓመት ዝም አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን መጋረጃ ልገዛ ሱቃቸው ገባሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ከዱብሉቅ የመጣች ሴት ያነጋግራሉ። የሴትዮዋም እናት ጥርስ የላቸውም፤ እኔ ጋ ልትወስዳቸው አስባ ኖሯል።

«ውሰጃቸው፤ ጎበዝ ሐኪም ነው» ይሏታል አዴ ሀሊማ። «የእኔ የተበላሸው ስለተንቀሳቀስኩ ነው። ብቻ አይንቀሳቀሱ በያቸው።»

ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠብቄ፣ «አዴ፣ እርስዎ አልተንቀሳቀሱም» አልኳቸው። «መሪውን ሳላስረው የሠራሁት እኔ ነኝ። ራጁን ያኔውኑ አይቼዋለሁ። ዋሽቼዎታለሁ።»

በእጃቸው የያዙትን ሜትር ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ሦስት ዓመት» አሉ። «ሦስት ዓመት በየሶላቱ ራሴን ስወቅስ። ውጣልኝ።»

ወጣሁ። ሊከሱኝም፣ ለከተማው ሁሉ ሊነግሩብኝም ይችሉ ነበር፤ እኔም ይህን ጠብቄ ነበር። በሳምንቱ ክሊኒኬ በር ላይ ቆሙ። «ናጋ» ብለው ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም።

«አሁን እንደሚገባው ትሠራዋለህ።»

«አዴ፣ አዲስ አበባ ከእኔ የተሻለ ሐኪም አለ። እኔ ራሴ ልውሰድዎት።»

«አይሆንም! ያበላሸኸው አንተ ነህ፣ የምታቃናውም አንተ ነህ። መጀመሪያ ግን ሄደህ ተማር። ሦስት ዓመት የጠበቅኩ ሴት ጥቂት ወር አያቅተኝም።»

ሄድኩ። በዚህ ሥራ ያረጀ መምህር ሥር ሆኜ፣ በጄሶ መንጋጋ ላይ እንደ ጀማሪ ተማሪ መሪ እያሰርኩ ስፈታ ከረምኩ። ስመለስ አዲስ ምስል ተነሳ፤ አዲስ መሪ ተሠራ። ለቀዶ ሕክምናው አንድም እንግዳ አልጠራሁም። አዴ ሀሊማ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን አልከፍት አሉ።

«ፒን የምትለውን አሳየኝ!»

ጥሩወርቅ ሳህኑን አቀረበችላቸው። ሳይነኩ በጣታቸው እያመለከቱ «ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ» ብለው ቆጠሩ። «ሦስቱም እንዲገቡ። አሁን ሥራ።»

ጥሩወርቅ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ዓይኔን አየችኝ። ሦስቱም ገቡ። መሪውን ነቀነቅኩት፤ ንቅንቅ አላለም። መሰርሰሪያው በየቀዳዳው ወረደ፤ እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ ሠርቼ አላውቅም። ከቀናት በኋላ አዲሱ ምስል ከዕቅዱ ጋር ኮምፒውተር ላይ ተደራረበ። የአራቱም ኢምፕላንቶች ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር በታች! ነርቩ በሰላም ርቆ ተኝቷል። ክሊኒኩ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ።

አጥንቱ ኢምፕላንቶቹን ይዞ ቋሚው ጥርስ የተገጠመላቸው ለኢድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነበር። የበዓሉ ዕለት ቤታቸው ጠሩኝ። የፍየል ጎድን አነሱና ሥጋውን ከአጥንቱ በጥርሳቸው ገነጠሉት፤ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። በማግስቱ ገበያ ስገባ ድምፃቸው ከሩቅ ተሰማኝ፤ ከአንድ የግመል ነጋዴ ጋር በሦስት ቋንቋ እየተከራከሩ፣ አፋቸውን ሳይሸፍኑ። ነጋዴው ተሸንፎ ይስቃል። እኔ ማለፍ አቅቶኝ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከደስታ።

ከንፈራቸው ግን በግራ በኩል፣ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ፣ እስከ ዛሬ ስሜት የለውም። አይመለስም። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ለአላህ ብዬ» ብለውኛል። እኔ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ወጣት ነበርኩ፣ ቸኩዬ ነበር ብዬም አላመካኝም። መሪው የተንሸራተተው በስህተት ሊሆን ይችላል፤ ውሸቱን ግን አውቄ፣ ፊታቸውን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቃችኋለሁ። እንድጽፈው እሳቸው ፈቅደውልኛል። ነገሌ ገበያ ውስጥ «የሀሊማ የመጀመሪያው የተበላሸው ስለተንቀሳቀሰች ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አስቁሙትና «ሐኪሙ ዋሽቶ ነው፤ ራሱ ተናግሯል» በሉልኝ።