ወረቀቱ ተለጥፎ ነበር

ባለፈው ሳምንት ከእህቴ ልጅ ጋር አውቶቡስ ተሳፍረን ሳለ፣ መኪናው የፌርማታ ስም የሚናገር ድምፅ ማጉያ እንዳለው ነገረችኝ። ድምፁ ግን አይሰማም። ሾፌሩን ብጠይቀው ስለሚረብሽ አጥፍቼዋለሁ አለኝ። ማንን እንደሚረብሽ አልነገረኝም። ደሜ ፈላ።

ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ። በደርግ ጊዜ፣ ወጣት ሳለሁ፣ የስልክ ኦፕሬተርነት ሥልጠና እንደጨረስኩ ፒያሳ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለፈተና ጠራኝ። ነሐሴ ነበር፤ ሰፈራችን አዲሱ ገበያ ጭቃና የበቆሎ ጥብስ ይሸታል። እናቴ የቀበሌ ስብሰባ ስለነበረባት አውቶቡስ ላይ አሳፍራኝ ተመለሰች። ቲኬት ቆራጩን ፒያሳ ስንደርስ እንዲነግረኝ ለመንኩት፤ እሺ አለ።

ቁልቁለቱን ወርደን መኪናው ባልለመድኩት በኩል ታጠፈ። አጠገቤ ያለውን ሰውዬ የት እንደደረስን ብጠይቀው ገና ነው አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ሰማሁ፤ የበርበሬው ሽታ አስነጠሰኝ። መርካቶ ነበርን። ቲኬት ቆራጩን ጠራሁት።

«መንገዱ ለሰልፍ ተዘግቷል» አለኝ። «ፌርማታው ላይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። አላነበብሽም?»

ከኋላ የሳቀ ነበር። ስወርድ አንዲት ሴት ሳንቲም አስጨበጠችኝ። ፒያሳ በየት በኩል እንደሆነ ግን እሷም አልነገረችኝም። እንዲያ እንዲያ እየጠየቅሁ፣ በዝናብ ርሼ ስደርስ ፈተናው አልቋል። ዘበኛው በሩን እንኳ አልከፈተልኝም።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር የአውቶቡሶቹን ኃላፊ ልናነጋግር ሄድን። ሰውየው አቤቱታዬን ሳያስጨርሰኝ፣ «ለወደፊቱ ሰው ይዘሽ ውጪ» አለኝ።

«ሰው መቼ አጣሁ?» አልኩት። «አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ነበር።»

በዚያ ዘመን ለባለሥልጣን እንዲህ አይመለስም። እናቴ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። ሰውየው ውጡ አለን።

ሌላ ቦታ ሥራ ያገኘሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ጡረታ እስክወጣ የሰውን ድምፅ ከሰው ሳገናኝ ኖርኩ። የፒያሳው ቦታ ግን በችሎታ ማነስ አላመለጠኝም፤ አንድ ሰው አፉን ለመክፈት ስለሰነፈ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሾፌሩን ድምፁን እስኪከፍተው ድረስ አለቀቅኩትም። ከኋላችን የሚያጉረመርም ነበር። ያጉረምርም። ለአንድ የቦታ ስም ዕድሜዬን ሙሉ ስለማመጥ ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ አልለማመጥም።